ኮሶ አልጠጣም ያለች

እናቴ ብርቄ ኮሶ አልጠጣም ስትል እኔ የወተት ጥርሴ ገና እየወለቀ ነበር። ዛሬ ላይ ሆኖ ለሚሰማው «አልጠጣም አለች፤ ታዲያ ምን ይጠበስ?» ያሰኛል። በዚያን ጊዜ ግን ኮሶ መድኃኒት ብቻ ሳይሆን ሥርዓት ነበር። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ቤት ሁሉ በየሁለት ወሩ ኮሶውን ይጠጣል፤ ሆዱን ያጸዳል፤ ቀኑን ሙሉ በሩን ዘግቶ ይውላል። እንግዳ ቢመጣ «ኮሶ ጠጥተዋል» ከተባለ ተመልሶ ይሄዳል እንጂ አይቀየምም። ከኮሶ ነፃ የሚሆኑት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ጡት የሚጠባ ሕፃንና ነፍሰ ጡር ሴት። ነፍሰ ጡር ከጠጣች ያስወርዳታል። እናቴ ደግሞ ጡት አትጠባም።

መቀሌ የገባነው ጣሊያን በወጣ ማግሥት ነው። አባቴ ፈንታሁን ከሸዋ የመጣ ነጋዴ ነበር። ግመሎች ወደ ሰኞ ገበያ ያመጡትን አሞሌ ጨው ይገዛና በበቅሎ ጭኖ ደሴ ያወርዳል። ታላቅ እህቱ እትዬ ተዋበች ባሏ ሲሞትባት አብራን መጥታ፣ በአንድ ግቢ ከኛ ፊት ለፊት ትኖር ነበር። ግቢውን ያከራዩን የአገሩ ሰው፣ አደይ አስካለማርያም ናቸው። በዚያ ዓመት አባቴ ዐቢይ ጾም ሲገባ እንደወጣ ቀረ። ክረምቱ ደሴ ላይ ያዘው፤ ከክረምቱም በኋላ መንገዱን ሽፍታ ዘጋው ተባለ። «ደህና ነው» የሚል ወሬ በሌላ ነጋዴ አፍ ይደርሰናል፤ እሱ ግን የለም።

ጥቅምት ላይ ኮሶ የተጠጣበትን ቀን አፍንጫዬ እስከ ዛሬ አልረሳውም። እትዬ ተዋበች ደረቁን አበባ ራሷ ወቅጣ፣ በውሃ በጥብጣ፣ በሁለት ዋንጫ አቀረበችው። እናቴ አፍንጫዋን ይዛ ጨለጠችው። ቀትር ላይ አክስቴ ጣጣዋን ጨርሳ ጠላ እየጠጣች ስታወጋ፣ እናቴ ከጓሮ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ጓሮ ትመላለስ ነበር። በመጨረሻ መመላለሱንም ተወችው። ከጓሮው ግድግዳ ሥር ወድቃ አገኘኋት። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ጉልበቷን ከሆዷ አጣብቃ ትቃትታለች። «እማዬ» ብላት አልመለሰችልኝም። አደይ አስካለማርያም በጩኸቴ መጥተው ደግፈው አስገቧት።

«ዋይ ጓለይ! ዋይ ልጄ!» አሉ ግንባሯን እየጠረጉ። «ሕማሙ አይደለም የሚገድልሽ፤ ይሄ ኮሶ ነው እኮ!»

«ሆዷ ቆሻሻ ስለበዛበት ነው» አለች አክስቴ ከበሩ ላይ ሆና። «በሚመጣው ጊዜ አብዝተን እንሰጣታለን።»

እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ «የሚመጣ ጊዜ የለም» አለች።

እኔ በትኩሳት የምትቃዥ መስሎኝ ነበር። ትኩሳት እንዳልነበራት የገባኝ በኋላ ነው። በሕይወቷ እንደዚያች ቀን አእምሮዋ ተስተካክሎ አያውቅም።

የእናቴ ሆድ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰላም የለውም። አንድ ሰሞን ያስቀምጣታል፤ አንድ ሰሞን ይደርቅባታል። ይቆርጣታል፤ ይነፋታል፤ ከተጸዳዳች በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ይተዋታል። ቡዳ ነው ተባለ፤ ጭስ ታጠነች። ዛር ነው ተባለ፤ ዶሮ ታረደላት። ጠበልም ገብታለች። ያው ሆድ ለኔም ወርዶልኛል። እኔ ካረጀሁ በኋላ አንድ ሐኪም በጥሞና ሰምቶኝ፣ «አንጀትሽ ቁጡ ነው፤ ቁስል የለበትም፣ ግን ይቆጣል» አለኝ። የሰጠኝ ክኒንም ረድቶኛል፤ አልዋሽም። እናቴ ግን ለሕመሟ ስም የሚሰጣት አላገኘችም። ስም የሌለው ሕመም ሲሆን ሰው እንደፈቀደ ያወጣለታል። ሰፈራችን ያወጣለት ስም እርግዝና ነበር።

የነቢያት ጾም ሲገባ እናቴ ከሆዷ ጋር ድርድር ጀመረች። መጀመሪያ ባቄላውን ተወችና ጥቂት ቀን ጠበቀች። ከዚያ ሽሮውን ተወች። ምስሩን ሞክራው «አንተም ያው ነህ» ብላ ድስቱን ለአክስቴ አሻገረችው። በርበሬና ሽንኩርት ቀነሰች። ጾሙን ግን አልሻረችም፤ ሥጋም ወተትም በአፏ አልዞረም። የገብስ አጥሚት፣ የድንች ቅቅል፣ የተልባ ውሃ፣ ይኸው ነው። ከሰው ጋር ከአንድ ገበታ መቁረሷ ቀረ። የራሷን በትንሽ ሳህን ይዛ ከጥግ ስትቀመጥ፣ አክስቴ የጎረሰችውን ሳታላምጥ ታያታለች። አብሮ የማይበላ ሰው በኛ ዘንድ ወይ የተጣላ ነው ወይ የሚደብቀው ነገር አለው።

ሰኞ ሰኞ ገበያ ይዛኝ ትሄድ ነበር። ደንበኛዋ ጣይባ የምትባል የወሎ ሴት ናት። ቅመማ ቅመም ዘርግታ ትሸጣለች፤ ከጎኑም ጣሊያን ጥሎት የሄደውን፣ ቢካርቦናቶ የሚሉትን ነጭ ዱቄት በወረቀት ጠቅልላ ትደረድራለች።

«ዛሬስ ምን ልስጥሽ የኔ አካል?»

«እንስላል። ያለፈው በጀኝ። ይህን ጥቁር አዝሙድ ግን እንኪ፣ አቃጠለኝ።»

«ወላሂ መድኃኒት የሚመልስ ሰው ባንቺ አየሁ! ሰው ሲያቃጥለው ሠራልኝ ይላል።»

«እኔ ሲያቃጥለኝ አቃጠለኝ ነው የምለው።» እናቴ ወደ ወረቀቶቹ አየች። «ይሄ ነጩስ ለምን ይሆናል?»

«እኔ ምኑን አውቄው! ጣሊያኖቹ በውሃ በጥብጠው ይጠጡና ያገሳሉ። ማግሳት ካማረሽ ውሰጂ፤ አብሽሪ፣ አይገድልም።»

ወሰደች። ያን ምሽት ጠጥታ እንደ ሽማግሌ ስታገሳ እኔ በሳቅ ፈረስኩ። እሷም ሳቀች። ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቼ ስለነበር አቀፍኳት። አልፎ አልፎ ሲነፋት ትጠጣው ነበር፤ በየቀኑ ግን አልወደደችውም።

ከሁሉ የባሰው መንገዱ ነው። እራት በጊዜ በልቶ መራመድ ነፋሱን እንደሚያወጣላት በራሷ ደረሰችበት። ስለዚህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነጠላዋን ታጣፋና እኔን በእጄ ይዛ ወደ እንዳ ኢየሱስ ዳገት ትወጣለች። እንስራ አላዘለች፣ እንጨት አልለቀመች፣ ለቅሶ አልሄደች፣ እንዲሁ ትሄዳለች። ባሏ ከአገር የራቀ ሴት ያለ ሥራ በምሽት ስትሄድ ሰፈሩ ዓይኑን የት ያሳርፍ? ሆዷ ላይ ነዋ! ሆዷ ደግሞ በዚያ ሰዓት ተነፍቶ ነጠላውን ገፍቶ ይወጣል።

አንድ ቀን አክስቴ የነፍስ አባታችንን መምሬ ታመነን ግቢው ውስጥ ይዛ ስታንሾካሹክ ከበሩ ጀርባ ሰማሁ።

«ኮሶ እምቢ አለች። ምግብ ትመርጣለች። ሆዷን እርስዎም አይተዋል። ወንድሜ ከወጣ ደግሞ ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው።»

«እትዬ ተዋበች፣ ሳያረጋግጡ…»

«ምኑን ላረጋግጥ? ገፍቷል እኮ!»

ስለ ዓመቱና ስለ አባቴ የተባለው አልገባኝም። እኔ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንድም ሊመጣልኝ ነው! ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናቴን ሆድ መጠበቅ ያዝኩ። ጠዋት ሳየው የለም። ከእራት በኋላ ሳየው አለ። ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ሕፃኑ ማታ ይመጣል፤ ሌሊት እናቴ ስትተኛ ወደ መጣበት ይመለሳል። ዳገቱንም የምንወጣው እሱን እሹሩሩ ለማለት ነው። ስለዚህ ስንሄድ ቀስ ብዬ እዘፍንለት ነበር። እናቴ ለራሴ የምዘፍን ይመስላታል። የቆሎዬንም ግማሽ በጨርቅ ቋጥሬ አስቀመጥኩለት፤ ጥርስ እንደማይኖረው አላሰብኩም።

የማርያም ማኅበር ላይ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እናቴን ዘሎ ካጠገቧ ላለችው ሴት ተሰጠ። እኔ ሕፃኑ ጠላ ስለማይጠጣ መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። ከነዚያ ሴቶች ግማሾቹን አርሳቸዋለች፤ ልጃቸው ሲሞት አብራ አልቅሳለች። እናቴ ጽዋው ሲያልፋት ዓይኗን አልሰበረችም። ቤት ገብታ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች።

ገና ሲቃረብ፣ ለበዓሉ ሥጋ ሆድ የሚጸዳበት ጊዜ ደረሰ። አንድ ጠዋት አክስቴ መምሬ ታመነን አስከትላ ገባች። በእጇ ኮሶ የሞላ ዋንጫ ይዛለች። አደይ አስካለማርያምም ጠርጥረው ኖሮ ከኋላ ተከትለው ገቡ።

«ብርቄ፣» አለች አክስቴ፣ «ሰው ፊት እንጨርሰው። ምንም ከሌለብሽ ይህን ጠጪ። እምቢ ካልሽ ፈንታሁን ሲመጣ እነግረዋለሁ። ቤቱን ትለቂያለሽ፤ ልጅቱን እኔ ሸዋ ይዣት እገባለሁ። የወንድሜ ልጅ የዲቃላ እህት ሆና አታድግም።»

ዲቃላ የሚለውን ቃል አላውቀውም። ሸዋ ይዣት እገባለሁ የሚለው ግን ገባኝና የእናቴን ቀሚስ ጨበጥኩ።

መምሬ ታመነ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ጠጪውና የሰውን አፍ ዝጊው። አንድ ቀን ነው፤ ያልፋል።»

እናቴ ዋንጫውን ተቀበለች። አሸተተችው። የምትጠጣ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አባቴ፣ እስቲ ይፍረዱኝ» አለች። «ባልጠጣ አረገዘች ትሉኛላችሁ። ብጠጣና ምንም ባይገኝ ደግሞ አስወረደችው ትሉኛላችሁ። ታዲያ ይህ ኮሶ ከየትኛው ሊያድነኝ ነው?»

መምሬ ታመነ ዞረው አክስቴን አዩ። አክስቴ ግን «ነገር አታዙሪ! ሆድሽ ይናገራል!» አለች።

ይሄኔ ሰዎቹ ያልገባቸውን ላስረዳቸው ብዬ ወደ ፊት ወጣሁ። «ሕፃኑ አሁን የለም እኮ! ጠዋት አይኖርም። እራት ስትበላ ነው የሚመጣው፤ ከዚያ ዳገት ወጥተን እናስተኛዋለን። ሽሮ በበላች ቀን ትልቅ ሆኖ ይመጣል፤ አጥሚት ከጠጣች ትንሽ ነው።»

ሁሉም የእናቴን ሆድ አዩ። በጠዋት ብርሃን መቀነቷ ላልቶ ተንጠልጥሏል፤ ሆዷ ከኔ ሆድ አይበልጥም። መጀመሪያ የሳቁት አደይ አስካለማርያም ናቸው፤ ከዚያ እናቴ ሳቀች፤ እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። ጎንበስ ብላ «አያልነሽ፣ ሕፃን የለም፤ ነፋስ ነው» አለችኝ። እኔ አላመንኳትም። ወንድሜን የደበቀችኝ መስሎኝ አኮረፍኩ።

መምሬ ታመነ ፊታቸው ፈካ። «እሰይ! እንግዲያው ንጹሕ ነሽ። በይ ጠጪውና በሰላም እንለያይ።»

«ንጹሕ ከሆንኩ ለምን እጠጣለሁ?»

«ሥርዓት ነዋ፣ ልጄ።»

እናቴ ዋንጫውን በሁለት እጇ አድርጋ፣ በአክብሮት እጅ ነስታ ለአክስቴ መለሰችላት። «እትዬ፣ ሲወቅጡት ለፍተዋል። ይጠጡት።»

አክስቴ በዚያ አልተፈወሰችም። ሰው አንዴ ያመነውን ነገር ሕፃን ቢያፈርስበት የባሰ ይጣበቀዋል። «ፈንታሁን ይምጣ» ስትል ከረመች። እናቴም ዳገቷን ስትወጣ ከረመች። ሆዷ ተሻላት እንጂ አልዳነም። አንዳንድ ማታ ከመንገዱ ስንመለስ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ጥርሷን ነክሳ ቁርጠቱ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ኮሶ ከጠጣችበት ቀን በኋላ ግን ወድቃ አላየኋትም።

አባቴ ጥምቀት ካለፈ በኋላ መጣ። አክስቴ ወሬውን ቀድማ ሰምታ ኖሮ ከተማው ዳር ጠብቃ ተቀብላዋለች። ግቢ ሲገባ እኔን አንስቶ አልሳመኝም። እናቴን ከላይ እስከ ታች አያት፤ ዓይኑ ወገቧ ላይ ቆየ። እኔ መክሳቷ ያሳዘነው መስሎኝ ነበር።

እናቴ እግሩን ልታጥበው ውሃ አቀረበች። ከሠርጓ ጀምሮ ባሏን «አንተ» የምትል ሴት ነበረች፤ አክስቴ ይህንንም ይዛባታለች።

«የነገረችህን አውቃለሁ» አለችው። «እኔን ጠይቀኝ።»

አባቴ እግሩን ውሃው ውስጥ ከተተ። «እኔ አምንሻለሁ፣ ብርቄ። ግን እህቴ ናት፤ ሰፈሩም አለ። በዚህ አገር እንግዳ ነኝ፤ ነጋዴ ያለ ስሙ ምን አለው? ነገ ጠዋት አንዴ ጠጪላቸውና ይብቃ።»

«ታምነኛለህ?»

«አዎ።»

«ካመንከኝ ለምን እጠጣለሁ?»

አባቴ እግሩን ከውሃው አወጣ። እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ድምፅዋ አልጨመረም።

«ስማ ፈንታሁን። ጠጥቼ ብታምነኝ ያመንከው ኮሶውን ነው፤ እኔን አይደለም። ባለፈው ከጓሮው ግድግዳ ሥር ወድቄ ያገኘችኝ ይቺ ልጅህ ናት። ሁለተኛ እንደዚያ ሆኜ አታገኘኝም። ለእትዬ አልጠጣም፣ ለሰፈሩ አልጠጣም፣ ላንተም አልጠጣም። ካልተስማማህ አደይ አስካለማርያም ጓዳቸውን ከፍተውልኛል፤ ልጄን ይዤ ዛሬውኑ እገባለሁ። ልጄን ለማንም አልሰጥም።»

አልጋው ሥር የተቋጠረ ልብስ አየሁ። የኔም ቀሚስ ነበረበት። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ትልልቆቹ በኮሶ ምክንያት የሚጨቃጨቁ ይመስለኝ ነበር። ቋጠሮውን ሳይ ቤታችን ሊፈርስ እንደሆነ ገባኝና ድምፅ ሳላሰማ ማልቀስ ጀመርኩ። አባቴ ቋጠሮውን አየ፤ እኔንም አየኝ።

እራት ቀረበ። አባቴ ሽሮውን በላ፤ እናቴ አጥሚቷን ጠጣች። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ መቀነቷን ፈታች፤ ከዚያ በፊት በሰው ፊት አድርጋው አታውቅም። ሆዷ ቀስ እያለ ሲነሳ አባቴ እያየ ነው። ቀትር ላይ ያልነበረ ሆድ ነው። አንድም ነገር አላስረዳችውም። ያሳየችው እንዲያምናት አይመስለኝም። ከእንግዲህ ከማንም እንደማትሸሽገው ልታሳውቀው ነው። ሲበቃት መቀነቷን አላልታ አሰረች፤ ነጠላዋን አጣፍታ እጄን ያዘች።

«የት ነው?» አለ አባቴ።

«መንገዴ ነው።»

በሩ ጋ ደርሰን ነበር። ከኋላችን በርጩማው ሲንኳኳ ሰማሁ። አባቴ ተነስቶ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣለ፤ ዱላውን አነሳ። በልማዱ ቀድሞን ሊወጣ ሆነ፤ ያኔ ባል ፊት፣ ሚስት ኋላ ነው የሚኬደው። እናቴ ክንዷን በሩ ላይ ዘረጋች።

«ይህን መንገድ አንተ አታውቀውም» አለችው።

እስከ ደሴ ያለውን ቁልቁለት ሁሉ በእግሩ የለካ ሰው ነው። ክንዷን አየ፤ እሷን አየ፤ ከዚያ ለቀቅ አለና መንገድ ሰጣት።

ፀሐይዋ ገና አልገባችም፤ ሰው ሁሉ በየደጁ ነው። እናቴ ከነሆዷ ቀድማ ወጣች፤ እኔ እጇን ይዣለሁ፤ አባቴ ከኋላችን ነው። አክስቴ ከደጃፏ ብድግ አለች።

«ፈንታሁን! ከሴት ኋላ?»

የአባቴ እርምጃ ሲያመነታ ሰማሁ። እናቴ አልዞረችም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «ፈጠን በል እንጂ፤ ይመሽብናል» አለችው።

አባቴም ፈጠን አለ።